የወንድሜ ስም የተጻፈባቸው መጻሕፍት

ወንድሜን እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ይሠራበት በነበረው ፓርኪንግ ውስጥ በብረት መትተው ገደሉት። ይህን አስቀድሜ ካልጻፍኩ ወደ ሌላው መሄድ አልችልም።

በመስታወት በተከለለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የሚያነባቸው መጻሕፍት ነበሩት። አንድ ደራሲ ለብዙ ዓመታት ተከታታይ አድርጎ የጻፋቸው፣ ድራጎንና ጠንቋይ የሞላባቸው አስቂኝ ልብ ወለዶች ናቸው። ከሠላሳ ይበልጣሉ። እንግሊዝኛ የለመደው በእነሱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እንደገባን ላይብረሪው ውስጥ ወረፋ ይይዝላቸው ነበር። በኋላ ላይብረሪው ራሱ በካርቶን በሩ ላይ አውጥቶ፣ በነጻ ውሰዱ አለ። ተሸክሞ አመጣቸው። እኔ አንዱንም አላነበብኩም።

አርባው ሳይደርስ ልብሱን ለሰው ሰጠን። መጻሕፍቱን እኔ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰጠሁ። ሽፋናቸው ላይ ሥዕል ስላለ የልጆች መሰሉኝ። በእያንዳንዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስሙን ጻፍኩ፤ ከሥሩም «መታሰቢያ» አልኩ።

በአርባው ዕለት፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ምሳ እየተበላ፣ አንድ ሰው አንዱን መጽሐፍ ይዞ መጣ። ልጁ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ትማራለች።

«አንተ ነህ ይሄን ያመጣኸው?»

«አዎ ጋሼ። የወንድሜ መታሰቢያ ነው።»

«የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ናት ያነበበችው። ሴት ልጅን እንደ ሥጋ እያገላበጠ የሚያላግጥ መጽሐፍ!»

«ቀልድ ነው ጋሼ።»

«ወንድምህ በዚህ ነበር የሚስቀው?»

አፉን መታሁት። ጥርሱ እጄን ቀደደው። ከነወንበሩ ወደቀ። ላዩ ላይ ወጥቼ ደገምኩት። ወጥ ተደፋ፤ ከደሙ ጋር ሸሚዙ ላይ ተቀላቀለ። እሱም ከሥር ጉሮሮዬን አነቀኝ። ዓይኔ ሲጨልም እንኳ እጄ መምታቱን አላቆመም። ወንድሜን የገደሉትን እየመታሁ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ሰዎች አላቀቁን።

እህቴ ጎትታ ኪችን አስገባችኝና እጄን በፎጣ አሰረችው።

«አንብበኸዋል?»

«አላነበብኩም።»

«ለምን አልጠየቅከኝም? ሃይስኩል እያለሁ አንዱን ሰጥቶኝ፣ አስጠልቶኝ ፊቱ ላይ ወረወርኩበት። ሰው ሁሉ ኦንላይን ሴት ያዋርዳል ማለት ጀምሮ ነበር።»

«ምን አለሽ?»

«ቋንቋ ያስተማረኝን አትስደቢብኝ አለ። ሁለት ወር አላናገረኝም።»

«ከዚያስ ማንበቡን ተወ?»

«እንጃ። ጠይቄው አላውቅም።»

ስወጣ ሰውዬው በረንዳ ላይ ፎጣ አፉ ላይ ይዞ ተቀምጧል። ልጁ ያነበበችውን ገጽ እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ቆሜ አነበብኩት። ሁለቴ። የሚያስቅ ነገር ፈለግሁበት። ገጹ ላይ የተጻፈችው ልጅ በዕድሜ የእርሱን ልጅ ታክላለች።

«ልክ ነዎት» አልኩት። ይቅርታ ግን አልጠየቅሁትም።

«ስሙን ቅደድ» አለኝ። ከንፈሩ አብጦ ነበር። «መጻሕፍቱን ሁሉ እኔ እጥላቸዋለሁ። ስሙ አብሮ ቆሻሻ ውስጥ መግባት የለበትም።»

መጻሕፍቱ ያሉበት የልጆቹ ክፍል ገባን። እያንዳንዱን መጽሐፍ እየገለጥኩ የመጀመሪያውን ገጽ ቀደድኩ። ያበጠው እጄ አልታዘዝ ሲለኝ በጥርሴ ጭምር ቀደድኩ። ሰውዬው የተቀደደለትን እየተቀበለ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ይወረውራል። እኔ ስሙን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ደማችን ወረቀቱን እየነካ ነበር፤ የማንኛችን እንደሆነ አልለየሁም።