የመሮው መያዣ

ደባርቅ መናኸሪያ ጥግ፣ በቆርቆሮ ከለላ ሥር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ አሉ። የካኪ ኮታቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ደንበኛ የሚቀበሉት በግልምጫ ነው። ከጠረጴዛቸው ሥር፣ መሮ ሲሳል እንዳይዛነፍ የሚይዙ፣ ከወይራ የተጠረቡ የመሮ መያዣዎች ተከምረዋል፤ አንዱ ጠማማ፣ አንዱ የተሰነጠቀ።

በር ላሠራ ስሄድ አዲስ መያዣ እየሠሩ ደረስሁ። ከእንጨቱ ሥር ሁለት ትንንሽ ኩሽኔታ እንደ ጎማ ገጠሙ፤ መሮውን ከላይ አዘንብለው በብሎን አሰሩና በመሳያው ድንጋይ ላይ ወደፊት ወደኋላ ነዱት። ስለቱ ቅንጣት አልተዛነፈም።

«ምን ያለ ብልሃት ነው አባቴ!» አልኋቸው።

ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት።

«የምን ብልሃት! ድንቁርና በለው እንጂ! ይኸን መሮ የሠራው ቀጥቃጭ ጎረቤታችን ነበር፤ ቤተ እስራኤል ነው። አገሩ ሁሉ ቡዳ ይለዋል። ማረሻውን እንወስዳለን፣ ቤቱ ግን እህል አንቀምስም። ጎረምሳ ሳለሁ፣ ‹መሮ መሳል በአፍ አይነገርም፤ እጅህን ይዤ ላሳይህ› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«እንዳይነካኝ እጄን ከጋቢዬ ውስጥ ሸሸግሁ! እሱም በዓመቱ ከነቤተሰቡ ወደ እስራኤል ሄደ።»

መሮውን ፈትተው ስለቱን በጥፍራቸው ሞከሩ። አልጣማቸውም። መያዣውን ከክምሩ ላይ ወረወሩት።

«ይኸው አርባ ዓመት፣ የዚያን ሰውዬ እጅ ከእንጨት እጠርባለሁ!»