የካድኩት ሥራ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ከባለቤቴ ከግርማና ከልጃችን ከናሆም ጋር ምሳ እየበላን ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ስለ ትናንሽ የኒውክለር ጣቢያዎች ያወራል፤ በከባድ መኪና ተጭነው መብራት ወደሌለባቸው ድሃ አገሮች ሊሄዱ እንደሚችሉ፣ ጭስ እንደሌላቸው። ግርማ "ለእኛም አገር ቢመጣ ጥሩ ነበር" አለና ጥብሱን ጠቀለለ። እኔ የጠቀለልኩትን ትሪው ላይ መለስኩት። ይህንኑ ሐሳብ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ከሰለሞን አፍ ሰምቼው ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል የሚያስነዳ፣ ወንዝ ዳር የተሠራ የኒውክለር ጣቢያ አለ። ነዳጁን ለመቀየር ሥራ ሲያቆም ለጥቂት ሳምንት ብዙ ጊዜያዊ ሠራተኛ ይቀጥር ስለነበር እኔና ሰለሞን በጽዳት ገባን። ሰለሞን ኢንጂነሪንግ የሚማር፣ ከኪሱ ቆሎ የማይጠፋ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ማለዳ ማለዳ በአሮጌ መኪናው ድራይቭ እያደረገ ይወስደኛል። የመጋቢት መንገድ ነው፤ በረዶው ግማሹ ቀልጦ ከጭቃ ጋር ተቦክቷል፣ ግራና ቀኙ ታጭዶ ያለቀ የበቆሎ ማሳ። ደረታችን ላይ ጨረር የሚለካ ባጅ ለጥፈን ወለል ስንወለውል እንውላለን፤ ስንወጣ በመሣሪያ እንፈተሻለን። አንድም ቀን የሚያሰጋ ነገር አልተገኘብኝም።

ዝምተኛ ነበር አልኩ እንጂ ስለ አባቱ ሲሆን ያወራል። አባቱ በአንዲት ሩቅ ወረዳ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበሩ። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይቆረጣል፤ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ያልቃል፤ የክትባቱ ፍሪጅ ይሞቃል። ያን ጊዜ አባትየው የተበላሸውን ክትባት ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩታል።

"በየክረምቱ አንድ ጉድጓድ" አለኝ አንድ ቀን መሪውን እንደያዘ። "ትንሽ ጣቢያ ብትኖር ግን ነዳጇን አንዴ ከሞሏት ለዓመታት ትሠራለች። ቦቴ አትጠብቅም።"

"አደጋ ቢደርስስ?"

"አደጋ የለውም አልልሽም። ያ ጉድጓድ ግን በየክረምቱ የማይቀር ነው።"

እዚያ መሥራቴን ከእሱ በቀር ማንም አያውቅም። በሐበሻው መካከል "እዚያ የሠራች ሴት አትወልድም" የሚባል ወሬ ነበር። ግርማ ደግሞ ሽማግሌ ሊልክ ተሰናድቷል። እንደ እናት ሆነው ያሳደጉት አክስቱ፣ እትዬ ዘውዲቱ፣ የልጅ ልጅ ለማየት ቀን የሚቆጥሩ ሴት ነበሩ። ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ ሆቴል ነው የምሠራው እል ነበር።

በዚያው በልግ ከአገር ቤት አንድ የመንግሥት እንግዳ መጡና ሮዝቪል በሚባለው ሰፈር ሐበሾቹ በተከራየነው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሰለሞን ስለ ትንሿ ጣቢያ ወራት ፈጅቶ ያዘጋጀውን ጥናት ማኅበረሰቡ በራሱ ስም ለእንግዳው እንዲሰጥለት ፈልጎ ነበር። በዋዜማው ደወለልኝ። "ሰው የሚፈራው ጨረሩን ነው። ተነሥተሽ ሠርቻለሁ፣ ደኅና ነኝ ብትዪ ይበቃል።" እሺ አልኩት። እሺ ያልኩት እምቢ ማለት ስለከበደኝ ብቻ ነው።

ሰለሞን ጥሩ አድርጎ ተናገረ። እንደጨረሰ ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። "ይሄን እሳት አገራችን ልትወስድልን ነው? እዚያ የሠራ ሰው ዘሩ ይደርቃል ይባላል።"

"እኔ ሠርቻለሁ፣ ጋሼ።"

"አንተማ ገና አላገባህ። በምን ይታወቃል?"

አዳራሹ ሳቀ። ከጎኔ የነበሩት እትዬ ዘውዲቱ "በስመ አብ!" ብለው አማተቡ። ሰለሞን ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ። አልተነሣሁም።

"አልማዝ፣ እስቲ ንገሪያቸው። አብረን አይደል የሠራነው?"

"እኔ?" አልኩ። "እኔ ሆቴል ነው የምሠራው። ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብህ ይሆናል።"

አንዱ ከኋላ "ምስክሩም ካደችው!" ብሎ ሳቀ። ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ፤ የበጋው ሽርሽር ነበር። እንግዳው የሰለሞንን የጥናት ወረቀት አልነኩትም።

መኪና ማቆሚያው ላይ ሮጬ ደረስኩበት። ቀዝቃዛ ዝናብ ይጥላል። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"እነሱ አያውቁም፤ አልፈርድባቸውም። አንቺ ግን ታውቂ ነበር።"

ይህን ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። በበልጉ መጨረሻ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሌላ ስቴት ሄደ፤ ትራክ ይነዳል ሲሉ ሰማሁ። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ ማረፉን። በእኔ ምክንያት ነው ያቋረጠው አልልም። አይደለም ለማለትም ድፍረቱ የለኝም። ወረቀቱ አገር ቤት ቢገባም መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር ይሆናል፤ ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ግርማን አግብቼ ሦስት ልጆች ወለድኩ፤ እትዬ ዘውዲቱ ሦስቱንም አዝለው ነው የሞቱት። አንድም ቀን ግን አልነገርኳቸውም።

እሑድ ዕለት ቴሌቪዥኑ ሳይጨርስ "እኔ እዚያ ሠርቼ ነበር" አልኩ።

"የት?" አለ ግርማ።

"ኒውክለር ጣቢያው። ከመጋባታችን በፊት ወለል አጸዳ ነበር።"

ናሆም ከስልኩ ቀና ብሎ "ሪሊ? ዛትስ ኩል፣ ማም" አለና ተመለሰ። ግርማ "ምነው እስከዛሬ ሳትነግሪኝ?" አለኝ፤ መልሴን ሳይጠብቅ አስተናጋጇን ጠርቶ ሚጥሚጣ አዘዘ።

ሃያ አምስት ዓመት የፈራሁት ነገር በሁለት ጉርሻ መካከል አለፈ። ሰለሞንን የካድኩት ለዚህ ነበር። ማንም አልደነገጠም። ቢደነግጡ ይሻለኝ ነበር።