ፍሪዌዩን ማን ተቀበለው?

ባለፈው ሳምንት ከፎርድስበርግ ዕቃ ገዝቼ ስመለስ የተሳፈርኩበት ታክሲ ፍሪዌይ በሚሉት በዚያ ሰፊ የመኪና መንገድ ሄደ። ብዙ ጊዜ በውስጥ በውስጥ ነው የሚወስዱን። የዘይቱን ካርቶን ጭኔ ላይ አድርጌ በመስኮት የደረቀውን ሣር ሳይ፣ አንድ ቦታ ላይ ጎማው "ዱብ" አለ። ሾፌሩ ፍጥነቱን አልቀነሰም፤ ከተሳፋሪዎቹም ቀና ያለ የለም። አዲሱ አስፋልት ከአሮጌው የሚጋጠምበት ቦታ ነው። እኔ ግን በድምፁ ብቻ አወቅሁት። እጄ ሳላዘው ስልኬን ፍለጋ ኪሴ ገባ።

ከዱራሜ አካባቢ በመጣሁበት ዓመት ገና ልጅ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ወንድሜ ታምራት ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ አሌክሳንድራ የሚባል ሰፈር ጫፍ ላይ፣ ልክ ከፍሪዌዩ ግርጌ፣ ስፓዛ ነበረው። ስፓዛ ማለት በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነን ዳቦ፣ የበቆሎ ዱቄትና የስልክ ካርድ የምንሸጥባት ጠባብ ሱቅ ናት። ሌሎቹ ሻጮች ፍርግርጉ እስር ቤት ይመስላል እያሉ ያማርራሉ። እኔ ግን እወደው ነበር። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ፣ በእኔና በደንበኛው መካከል አንድ ነገር መኖሩ ደስ ይለኛል። በኋላ ኮሮና የሚሉት በሽታ መጥቶ ሁሉም አፉን በማስክ ሲሸፍንማ ይብስ ተመቸኝ።

የዚህ አገር ዝናብና ሙቀት አብረው ነው የሚመጡት። በገና ሰሞን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ቆርቆሮውን የሚበሳ የሚመስል ዝናብ ይጥላል። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ጎርፉ ከፍሪዌዩ ሥር ያለውን አፈር ጠርጎ ወሰደው። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ጠዋት ስንወጣ አስፋልቱ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተሰንጥቆ፣ አንደኛው ወገን ሰምጦ አገኘነው። የሲሚንቶ ብሎኬት ደርድረው መኪና እንዳያልፍ ዘጉት። ቀንና ሌሊት ሲያጓራ የነበረ መንገድ ድንገት ዝም ሲል ጆሮዬ ጭር አለብኝ።

አባቴ መንገድ ይወድ ነበር። በወጣትነቱ ወደ እኛ ቀበሌ የሚያስገባው መንገድ ሲሠራ በዶማና በአካፋ ቀጥረውት ነበር። ገበያ ስንሄድ በድንገት ቆም ይልና "ይህችን ድንጋይ እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት" ይላል። በእያንዳንዱ ገበያ ቀን የሚያሳየን ድንጋይ ሌላ ስለነበር እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች።

እሑድ እሑድ ታምራት ስልኩን ይሰጠኝና ከአባዬ ጋር እናወራለን። እናወራለን እላለሁ እንጂ "ደህና ነህ?" "ደህና ነሽ?" ከተባባልን በኋላ የምንለው እናጣ ነበር። እሱም እንደ እኔ ዓይን አፋር ነው። መንገዱ ሲሰነጠቅ ግን ወሬ አገኘን።

"ስፋቱ ምን ያህል ነው?" አለኝ።

"ከቤታችን ደጅ እስከ ጎረቤቶቻችን ጓሮ ድረስ ይሆናል።"

"አንቺ ልጅ፣ ጆሃንስበርግ ሄደሽ መዋሸት ተማርሽ!"

ከሱቃችን አጠገብ ማግዊንያ የሚባለውን የተጠበሰ ሊጥ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሁሉም ጎጎ ይላቸዋል፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ጎጎ ከዘይቱ ድስት አጠገብ ሬዲዮ ስለማይጠፋቸው የሰፈሩ ወሬ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል። አንድ ቀን ዳቦ ሊገዙ መጥተው "ሳዎቦና፣ ሲሲ"፣ ሰላም እኅቴ፣ አሉኝና፣ በዙሉም በእንግሊዝኛም በእጃቸውም አድርገው አስረዱኝ። ይህ ፍሪዌይ እስከ ዛሬ የመንግሥት ነበር፤ አሁን ለከተማው አስተዳደር ሊያስረክቡት ነው።

እሑድ ለአባዬ ነገርኩት።

"የተሰነጠቀውን? ሳይጠግኑት?"

"ገና እየተነጋገሩ ነው አሉ። ከተማው መጀመሪያ ጠግናችሁ ስጡኝ ይላል። እነዚያ ደግሞ መጀመሪያ ተቀበሉን ይላሉ።"

አባዬ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "አንካሳ በሬ ይዞ ገበያ እንደወጣ ሰው በይኛ! በይ፣ ማን እንደተቀበለው ትነግሪኛለሽ። እንዳትረሺ።"

ከዚያ ወዲህ ገና ድምፄን ሲሰማ የሚጠይቀኝ እሱን ነበር። "ማን ተቀበለው?"

"ገና ነው፣ አባዬ።"

በሽታው ገብቶ አገሩ ሁሉ ሲዘጋም ንግግሩ አላለቀም። ፍሪዌዩን ያኔ የሰፈሩ ሰው ወረሰው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ጎጎ ብርድ ልብሳቸውን አጥበው የብረት አጥሩ ላይ ያሰጣሉ። ስንጥቁ ውስጥ ሣር በቀለ። እኔም ሱቁ ጋብ ሲል እወጣና ቆሜ አየው ነበር። ለአባዬ የምነግረው ነገር እየለቀምኩ መሆኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን ተዘግቷል፤ ከወንድሜ በቀር የማወራው ሰው የለኝም። ሳምንቴን የምሞላው በዚያች የእሑድ ስልክ ነበር።

ክረምቱ ገባ። የእነሱ ክረምት ደረቅ ነው፤ አገራችን በጭቃ በሚላቁጥበት ሰሞን እዚህ ሣሩ ይነዳል፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይጥላል፣ ሰፈሩ ሁሉ የከሰል ጭስ ይሸታል። አንድ እሑድ አባዬ ሳል በረታበትና ስልኩን ቶሎ ዘጋ። በቀጣዩ እሑድ ታምራት "የአባዬ ስልክ ወድቆ ተሰብሯል" አለኝ። በሌላው ደግሞ "ኔትወርክ የለም" አለ። እኔም ድምፄን እየቀዳሁ አገር ቤት ወዳለው የአጎታችን ልጅ ስልክ መላክ ጀመርኩ። ስንጥቁ ውስጥ የበቀለው ሣር አበባ አወጣ፣ ከተማው ገና አልተቀበለም፣ ጉሮሮህን ማር ላስበት እላለሁ። የአጎቴ ልጅ "እሺ፣ እነግረዋለሁ" ብሎ ይጽፍልኛል። ሌላ ቃል አይጨምርም።

ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ አይቼ ግን አላስተዋልኩም። ታምራት ጢሙን አሳድጎ ነበር። አገር ቤት ቢሆን አንድ ሰው ጢሙን ሲያሳድግ ማን ሞተበት ብዬ እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ፀጉር ቤቶች ተዘግተው ስለነበር ያልጎፈረ ወንድ አልነበረም፤ የቀረውንም ማስኩ ይሸፍነዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ዮሐንስም ከፎርድስበርግ ድረስ ይመጡ ነበር። በርበሬ ያመጡልኛል፣ ፍርግርጉ ፊት ይቆማሉ፣ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ይቆያል። "ልጄ፣ በርቺ" ብለው ይሄዳሉ። ምን ላይ እንደምበረታ አልጠየቅኳቸውም። መጠየቅ አላውቅበትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎጎ ሊጥ የነካ እጃቸውን እያወዛወዙ መጡ። "ሲሲ! ተፈራረሙ! መንገዱ የከተማው ሆነ! ከነገ ጀምሮ ማሽን ይገባል!"

በሕይወቴ እንደዚያ ጮክ ብዬ ወንድሜን ተጣርቼ አላውቅም። "ታምራት! ከተማው ተቀበለው! ደውልልኝ፣ አሁኑኑ ለአባዬ ደውልልኝ!"

ታምራት የዱቄት ጆንያ ይደረድር ነበር። ቀና አላለም።

"ስልኩ ተሰብሯል አልኩሽ እኮ።"

"እንግዲያው ነገ ማሽኖቹ ሳይገቡ ወጥቼ በቪዲዮ እቀዳዋለሁ። እነሱ ያሳዩታል። ስንጥቁን በዓይኑ ሳያይ ሊደፈን ነው እኮ!"

ጆንያውን እንዳቀፈ ቆመ። "ብቻሽን አትወጪም" አለኝ። "ጠዋት አብረን እንወጣለን።"

ደስ ብሎኝ አደርኩ። ይህን ሳስታውስ ነው ከሁሉ በላይ የሚከፋኝ።

ገና ጎህ ሲቀድ በብሎኬቶቹ መካከል ሾልከን ወጣን። ውርጩ አስፋልቱ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ፣ የትንፋሻችን እንፋሎት ከማስኩ ዳርና ዳር ይወጣል። ስልኩን ከፍ አድርጌ በቋንቋችን መናገር ጀመርኩ። "አባዬ፣ ይኸውልህ። ውሸታም ስትለኝ ነበር፤ ስፋቱን ተመልከት። ይኼ ስንጥቁ ነው፤ ይኼ ያልኩህ ሣር ነው። ከተማው ተቀበለው፣ አባዬ። ዛሬ ሊጠግኑት ነው።" እንዲህ እያልኩ ስልኩን ቀስ አድርጌ ወደ መውጫው አዞርኩት።

ሰዎች ወደ ላይ ሲወጡ በስልኩ መስታወት ላይ አየሁ። ጋሽ ዮሐንስ ከፊት ናቸው። ከኋላቸው የየሰፈሩ ባለ ሱቆች፣ የመዘምራን እኅቶች፣ ሁሉም በማስክ፣ አንዱ ከሌላው ራቅ ራቅ ብሎ። መንገዱ ላይ በተቀቡት ነጫጭ መስመሮች ልክ አንድ አንድ ሆነው ቆሙ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

ሰው ለሐዘን ነጠላውን እንደሚያዘቀዝቅ ከልጅነቴ አውቃለሁ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ መሆኑንም አውቃለሁ። ግን አፌ ሌላ ነገር ተናገረ።

"ጋሽ ዮሐንስ፣ መንገዱን ሊያዩ መጡ?"

ሽማግሌው ከንፈራቸውን ነከሱ መሰለኝ፤ ማስኩ ተንቀሳቀሰ። "አዎ፣ ልጄ" አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይደለም። ላንቺ ነው የመጣነው። አባትሽን ጌታ ወስዶታል።"

"ትናንት?"

ታምራት ነው ከኋላዬ የያዘኝ። "ክረምቱ ሲገባ ነው፣ ታደለች" አለ። "በዚያው በሳሉ።"

አገር ቤት ቢሆን ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ይይዙኝ ነበር፤ መርዶ የሰማ ሰው እንዳይወድቅ የሚያቅፈው አያጣም። እነዚያ ሰዎች ግን በሽታውን እንዳያስተላልፉብኝ በየመስመራቸው ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው አለቀሱ። እኔ ጮህኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። ፍርግርግም ግድግዳም በሌለበት በዚያ ሰፊ መንገድ ላይ ወጣ ወጣና ተመልሶ አልመጣም። ከታች ጎጎ ሰምተው ኖሮ እሳታቸውን ጥለው ወጡ። መራራቅ የሚለውን ነገር አላዩትም። ብርድ ልብሳቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጠቀለሉኝና "ቱላ፣ ሲሲ፣ ቱላ" እያሉ አባበሉኝ። ዝም በይ ማለት ነው። የዘይትና የሊጥ ሽታቸው ዛሬም አለብኝ።

ፀሐይ ስትወጣ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ ሠራተኞች መጡ። ሲያዩን ራቅ ብለው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። እስክንወርድ ድረስ ማሽኑን አላስነሱም።

በኋላ ታምራትን ስጠይቀው አልዋሸኝም። ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው፣ ብቻዋን ሰምታ ምን ትሆናለች ብለው ፈርተው ነው። "እኔ ወንድሟ ነኝ፣ አልችልም አልኩ፤ ለጋሽ ዮሐንስ ተውኩት" አለ። ጋሽ ዮሐንስ የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ይንገራት ብለዋል። መጋቢው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እስኪከፈት ብለዋል። እንዲህ ሲሉ አባቴ ተቀብሮ፣ ሣር በቅሎበት፣ እኔ ጉሮሮህን ማር ላስበት እለው ነበር። ተናድጄባቸው ነበር፤ አሁን አልናደድም። የተሰነጠቀ ነገር ከሰው እጅ መቀበል ከባድ ነው። ማንም ሰው መጀመሪያ ሌላው እንዲጠግነው ይፈልጋል።

ቪዲዮው አሁንም አለኝ። ስልክ በቀየርኩ ቁጥር አብሮኝ ይሻገራል። ሰዎቹ ብቅ የሚሉበት ቦታ ጋ ስደርስ አቆመዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ በፊት ያለው ግን ደስተኛ ነው፤ አንዲት ልጅ ለአባቷ መንገድ ታሳያለች።

ታክሲው "ዱብ" ብሎ ሲያልፍ ስልኩን ከኪሴ አላወጣሁም። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ የራሱን ሙዚቃ ይሰማል፤ ማንም አያየኝም። ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ በቋንቋችን፣ ዝቅ አድርጌ፣ "እኔ ተቀበልኩት፣ አባዬ" አልኩ። መንገዱን ማለቴ አልነበረም።