የደወሉ ብሎኖች

ደብረ ታቦር ካለው የብረት መለበጫ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ጋሽ አያሌው መጀመሪያ ያሳዩኝ አረፋ ነበር። ዚንክ በሟሟበት ገንዳ ውስጥ ብረት ተንጠልጥሎ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ብረቱ ዝገት የሚከላከለውን ዚንክ ይለብሳል፤ ከላዩም ደቃቅ አረፋ ይነሣል። የፈላ መስሎኝ እጄን ሰበሰብኩ።

«አልፈላም፣ ሃይድሮጂን ነው» አሉኝ። «የሚወጣው አያሳስብህ፤ ወደ ብረቱ የሚገባውን ፍራ። ተራውን ብረት ብዙም አይጎዳውም። ጠንካራውን ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ያደርገዋል።»

መድኃኒቱ ሙቀት ነው። ብረቱ እንደተለበጠ ምድጃ ውስጥ ሰዓታት ከቆየ ጋዙ ይወጣለታል። ምድጃ ስላልነበረን ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ዳቦ ቤት እንወስድ ነበር። ደንበኞቻቸው ብሎን ከምድጃ ሲወጣ እያዩ «ዛሬስ ምን ጋገሩልን?» ይሏቸዋል።

አንድ የቡሄ ዋዜማ፣ የአንድ ደብር ቄሰ ገበዝ የደወል መስቀያ ብሎኖች አመጡ። አሮጌዎቹን ዝገት ስለበላቸው ጠንካራ ብረት ገዝተዋል። በጠዋት ለበጥናቸው። ምድጃው ግን በሙልሙል ተሞልቷል። ቦታ ልለምን ስሄድ፣ ገንዘብ ተቀባያችን ስንታየሁ ብሎኖቹ ሲያብረቀርቁ አይታ ያለቁ መስሏት ለቄሰ ገበዙ ሰጠቻቸው።

ተመልሼ ይህን ስሰማ ባጃጅ ይዤ ወደ ደብሩ ከነፍኩ፤ ስደርስ ደወሉ ተሰቅሏል። ከሥሩ ሰው ይተላለፋል።

«አባ፣ ደወሉ ይውረድ።»

«ይህን ያህል ደክመንበት? ምን ጎደለው ልጄ?»

«ብሎኖቹ አልተጋገሩም። ዛሬ ባይሰበሩ ነገ ተሰብረው ደወሉ ሕዝብ ላይ ይወድቃል።»

«ብሎን እንደ ዳቦ ይጋገራል እንዴ?» አሉ። ፊቴን ትኩር ብለው አይተው ግን ሰዉን አራቁና ከደወሉ ሥር ግንድ አስደገፉ። ደወሉን የሰቀለው ሠራተኛ ወጥቶ የብሎን መፍቻውን ገና ሲያስነካ የአንዱ ብሎን ራስ ተቆርጦ ወደቀ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ «ተመስገን» አልኩ፤ እንባዬም መጣ። አባም አጠገቤ ተቀመጡ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ፣ በራሳቸው እየሳቁ።

ሌሎች ብሎኖች ለበጥን። እትዬ ጥሩወርቅ ነገሩን ሲሰሙ «ዳቦው ይጠብቃል» ብለው ምድጃውን ለቀቁልን። የቡሄ ዕለት ደወሉ ሲደወል ልክ ከሥሩ ቆሜ ነበር። እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

የተለበጠ ጠንካራ ብረት ሳይጋገር ከመለበጫ ቤታችን አይወጣም። ባለቤቱ ቄስ ቢሆኑም፣ ነገ ቡሄ ቢሆንም።