የአናጺ ቤቱ ቀይ ክር

ሥራ ላይ ሳላችሁ አንድ ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ አጠገባችሁ ቆሞ፣ የምታደርጉትን ሁሉ ሲጽፍ እጃችሁ አልታዘዝ ብሏችሁ ያውቃል? እኔ ወረቀቱን የያዘችው ሰው ነበርኩ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ናዝሬት ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ክረምት፣ ስለ ሥራ ምርታማነት ለሚሰጥ ሥልጠና ተመረጥኩ። አሠልጣኙ ከአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የተላኩ የውጭ አገር ሰው ነበሩ። በአስተርጓሚ ካስተማሩን ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው አንድ ዘዴ ነው። ላስረዳ። የሥራ ቦታውን ካርታ ትነድፉና ሰሌዳ ላይ ትለጥፋላችሁ። ሠራተኛው በሚደርስበት ቦታ ሁሉ ላይ ምስማር ትመታላችሁ። ከዚያ እሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክር ከምስማር ወደ ምስማር ትስባላችሁ። በመጨረሻ ክሩ የወፈረበት መንገድ፣ ጉልበት የሚባክንበት መንገድ ነው።

የቤት ሥራችን አንድ የሥራ ቦታ ለክተን ማሻሻል ነበር። እኔ የት እንደምሄድ አላመነታሁም። ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ እኩሌታዎቹ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነው የጻፉት። የተሰባበሩት ዴስኮች በትምህርት ቤቱ አናጺ ቤት በር ላይ ተከምረው ዝናብ ይመታቸዋል። መስከረም ሳይጠባ ካልተጠገኑ ልጆቹ ከብሎኬቱ አይነሱም።

አናጺው የአርሲ ነገሌ ሰው፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሰሌዳና ቀይ ክር ይዤ ስገባ መጋዛቸውን አስቀመጡ።

«ምንድነው የምትጽፊው?»

«እርምጃዎን ነው ጋሼ። ለሥልጠናው ነው።»

«እሺ» አሉ።

ያን ቀን ከጠረጴዛቸው ተነሱ ማለት አይቻልም። የጎበጠ አሮጌ ምስማር እያቃኑ ሲመቱ ዋሉ፤ ውኃ እንኳ አልጠጡም። ክሩ አጭርና ንጹሕ ሆነ። በሰሌዳዬ መሠረት አናጺ ቤቱ ምንም እንከን የለበትም። በሩ ላይ ያለው ክምር ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲቀንስ አላየሁም ነበር።

በማግስቱ ሰሌዳዬን ይዤ ስመለስ ሳቅ አሉ።

«ልጄ፣ ባለፈው ስብሰባ ሂስ ተደርጎብኛል። አናጺው ግቢውን ሲዞር ነው የሚውለው ተባልኩ። ተነስቼ ግለ ሂስ አድርጌ ተቀመጥኩ። አሁን ደግሞ አንቺ እግሬን በክር ልታስሪው መጣሽ።»

ፊቴ ጋለ። ስም የሚጽፍ ሰው እንዴት እንደሚፈራ አሠልጣኙ ላያውቁ ይችላሉ፤ እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። የቤት ሥራውን ትቼ ለመሄድ ግን አልፈለግሁም። ሰሌዳውን ለእሳቸው ዘረጋሁ።

«እንግዲያው መጀመሪያ እኔን ይለኩኝ።»

የክረምት ማጠናከሪያ አስተምር ስለነበር፣ በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳውን ይዘው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። በወጣሁ ቁጥር ከኋላዬ እየተከተሉ «ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ» እያሉ እርምጃዬን በኦሮምኛ ይቆጥራሉ፤ ተማሪዎቼም አብረዋቸው ይቆጥራሉ። ደወሉ ሲደወል ሰሌዳውን አሳዩኝ።

«ጠመኔ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ቢሮ ሄድሽ። አንዴ ደግሞ ጠመኔውን ይዘሽ ዳስተሩን ረሳሽ። ይቺ በሂስ ብቻ የምታልፍ አይደለችም።»

«ግለ ሂስ ላድርግ ጋሼ?»

«ተይው። ነገ እንደ ልማዴ ስሠራ መጥተሽ ጻፊ።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ሳይደርስ ክሩ አለቀብኝ። ከጠረጴዛው ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ፣ ከቢሮው በግቢው በር አጠገብ ወዳለው ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ጠረጴዛው የሄደው ክር እንደ ገመድ ወፍሯል። ምስማር የሚሰጠው በእፍኝ ነው፤ ለእያንዳንዱ እፍኝ የዳይሬክተሩ ፊርማ ያስፈልጋል። ፊርማው ከሌለ ሙጫም አይሰጥም። ሰውየው ግቢውን መዞራቸው እውነት ነበር። ለምን እንደሚዞሩ ግን በስብሰባው የጠየቀ ሰው የለም።

ሰሌዳውን ይዘን ሁለታችንም ዳይሬክተሩ ፊት ቆምን።

«ይሄ ክሩ የተከመረበት የቱ ነው?» አሉ ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው።

«የእርስዎ ቢሮ ነው» አልኩ።

ክሩን በጣታቸው ተከተሉ። «ምስማር እኮ ይጠፋል።»

«የጠገንኩትን ዴስክ ይቁጠሩ» አሉ አናጺው። «ምስማሩ ያለው እሱ ላይ ነው።»

ዳይሬክተሩ የሳምንት ምስማርና ሙጫ በአንድ ፊርማ እንዲወጣ ፈቀዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስማሩ በባዶ የወተት ቆርቆሮ ሆኖ ከመዶሻው አጠገብ ተቀመጠ። ክምሩ በየቀኑ ሲያንስ እኔም ከሰዓት በኋላ የዴስክ እግር እየያዝኩ አግዝ ነበር።

ትምህርት የተከፈተ ዕለት በክፍሌ ብሎኬት ላይ የተቀመጠ ልጅ አልነበረም። ከብሎኬቶቹ አንዱን አናጺው ወስደው በራቸው ላይ መቀመጫ አደረጉት።

እናንተም ሞክሩት። አንድ ሰሌዳ፣ ጥቂት ምስማርና አንድ ጥቅል ክር ይበቃል። አደራ የምላችሁ ግን፣ ሰሌዳውን መጀመሪያ ልትለኩት ላሰባችሁት ሰው ስጡትና እናንተን ይለካችሁ።