የውሃ ተራው ወረቀት

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት «አዲስ አፕዴት አለ፤ አሁን ይጫን?» አለኝ። እሳት እንደነካው ሰው እጄን ሰበሰብሁ። ጸጉሬ ሸብቶ እንኳ ያ የድሮ ፍርሃት አልለቀቀኝም።

ያኔ መርሳ፣ አሁንም በምሠራበት የመስኖ ቢሮ ገና መቀጠሬ ነበር፤ ከኮሌጅ የወጣሁ፣ ልቤ ያበጠ ጎረምሳ። የገበሬዎቹን የውሃ ተራ በቀንና በሰዓት የሚደለድል ፕሮግራም ጽፌ፣ ሐሙስ ሐሙስ ዝርዝሩን አትም ነበር። ዓርብ ንጋት ላይ አዲሱ ተራ ይጀምራል። በጋ ነው፤ ሽንኩርቱም ፓፓያውም የመስኖውን ቦይ ዓይን ዓይን ነው የሚያየው። እኔ ከመቀጠሬ በፊት በነበረው ዓመት፣ ወረቀቱ ገና ሳይጀመር፣ ሁለት አማቾች በተራ ተጣልተው አንደኛው በአካፋ ተፈንክቶ ለጥቂት ነው የተረፈው።

እኔ ብልጡ ታዲያ ረቡዕ ከሰዓት የኮምፒውተሩን ሲስተም አፕዴት አደረግሁት። ሐሙስ ጠዋት ፕሮግራሜ አልነሳም አለ። ከአዲሱ ሲስተም ጋር እንዲግባባ ኮዱን እንደገና ኮምፓይል ላድርግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ ልመልሰው ስል፣ ስህተት በስህተት ላይ ተደረደረብኝ። ስክሪኑ የሚቆመው የስህተቶቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ነውና ከታች ያለውን እጠግናለሁ፤ አንዱን ስዘጋ ሦስት ይወጣል። እውነቱን ልናገር፣ የፈራሁት ከሥራ መባረሩን አይደለም፤ ያንን አካፋ ነው።

ረፋዱ ላይ ወረቀቱን ሊወስዱ ሸህ ይመር መጡ። የውሃ አባታችን ናቸው፤ ቢሮው ሳይታሰብ ጀምሮ ተራውን የሚዳኙ። ጉዴን ነገርኋቸው።

«አንቱ ተራውን በቃልዎ ያውቁት የለም ወይ? ይንገሯቸው» አልኋቸው።

«አውቀዋለሁ ልጄ። ዱሮ አንዳንዱ ቢጣላም ቃሌ ይበቃ ነበር። አንተ ከመጣህ ወዲህ ግን ወረቀቱ የታለ ይሉኛል።»

ወደ ስክሪኑ ተመለስሁ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስህተቱን ከታች ጀምሬ እየጠገንሁ ነው አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታች ያለ ማሳ ውሃ ሲጠፋበት እዚያው ማሳው ላይ አንቆፍርም። ጠለፋው ዘንድ፣ ውሃው ከወንዙ ወደ ቦዩ ከሚገባበት፣ ነው የምንወጣ።»

እኔም ወደ ስህተቶቹ ዝርዝር አናት ወጣሁ። የመጀመሪያዋ መስመር የዘመን አቆጣጠራችንን የምታሰላው ፋይል የለችም ትላለች። እኔው ነኝ ከሲስተሙ ፋይሎች መሀል የሸጎጥኋት፤ አፕዴቱ ጠራርጎ ወስዷታል። ሌላው ስህተት ሁሉ የሷ ጦስ ነበር። ቅጂዋ ወልድያ ጓደኛዬ ዘንድ ስለነበረች ሚኒባስ ተሳፈርሁ። መንገድ ላይ ሲሪንቃ ለተሳፋሪ ሲቆም ነፍሴ ልትወጣ ነበር። በፍላሽ ይዣት ተመልሼ ኮምፓይል ሳደርግ አንድም ስህተት አልወጣ፤ ዝርዝሩን አተምሁ።

ሸህ ይመር የከሰዓት በኋላውን የዓስር ሶላታቸውን ሰግደው ይጠብቁኝ ነበር። «አልሐምዱሊላህ» አሉና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። የመጀመሪያውን ስም አነበብሁ። ሁለተኛውን ግን እሳቸው ቀደሙኝ፤ ከዚያ ሦስተኛውን፣ ከዚያ ሁሉንም፣ ከነሰዓቱ፣ አንድ ሳያዛንፉ። «ልክ ነው» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ወጡ። ዓርብ ውሃው በሰላም ወረደ።

ሸህ ይመር ካረፉ ቆዩ። ዛሬ ተራውን በቃሉ የሚያውቅ አንድም ሰው የለንም፤ እኔም ብሆን አላውቀው። ነገ ደግሞ ዓርብ ነው። «በኋላ» የሚለውን ተጫንሁና ዝርዝሩን አወጣሁ። ከዚያ በሬን ዘግቼ ከመጀመሪያው ስም ጀምሬ በቃሌ ማጥናት ያዝሁ።