ለምጼና የአክስቴ ቅቤ

ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ሳይ እስከ ዛሬ ሳቄ ይመጣል። ልጅ ሆኜ የታከምኩበትን መብራት ያስታውሰኛል።

ቡታጅራ አምስተኛ ክፍል ስማር አፌ ዳር ለምጽ ወጣብኝ፤ ወዲያው ወደ ጉንጬ ሰፋ። ድሮም ዓይናፋር ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ ነጠላዬን ከአፌ አላወርድ አልኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ "እማዬ ይጋባል ብላለች" ብላ ቦታ ቀየረች። እኔን ግን ከሁሉ ያስጨነቀኝ አዳብና ነበር። መስቀል ካለፈ በኋላ ወጣቱና ልጁ ሜዳ ወጥቶ የሚጨፍርበት ነው፤ ተሸፋፍኖ ደግሞ አይጨፈርም።

ክረምቱን አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ሆኜ ታከምኩ። ሐኪሟ በስሱ የሚቀባ የስቴሮይድ ቅባት ሰጠችኝ። ረጃጅም መብራቶች የተደረደሩበት፣ ቁም ሳጥን የመሰለ ነገር ውስጥም ጥቁር መነጽር አድርጌ እቆም ነበር። ሙቀቱ እንደ ዳቦ ምድጃ ነው። አጎቴ ከበር ላይ ሆኖ "ሳትበስዪ እንዳትወጪ!" እያለ ያስቀኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ወደ ቤት ተመለስኩ። አክስቴ ነገሩን ስትሰማ "ብርሃን ከሆነማ የኛ ፀሐይ ምን አነሳት?" አለች። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ለመስቀል ካጠራቀመችው ቅቤ ዘግና ፊቴን ለቀለቀችኝና ቀትር ላይ እንሰቱ ጥግ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችኝ። ማታውኑ ጉንጬ ቀልቶ አበጠ። አጎቴ በስልክ ጮኸ፤ ሐኪሟ እስኪሽር ቅባቱ ይቁም፣ ወደ መብራቱም አትመለስ አለች። አዳብና ቀረብኝ ብዬ አለቀስኩ።

የመስቀል ሰሞን ቃጠሎው ሻረ። የአዳብናው ዕለት ጠዋት እናቴ ፊቴን ስታጥበኝ እጇ ቆመ። በነጩ ላይ እንደ ጤፍ የደቀቁ ቡናማ ነጠብጣቦች ወጥተዋል! ቆሻሻ መስሏት አሸችው፤ አልለቅ አለ። ለካ የቆዳዬ ቀለም እየተመለሰ ነው። እልል ስትል ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። አክስቴ "ቅቤዬ ነው!" ስትል ለበዓሉ የመጣው አጎቴ "ኧረ መብራቱ ነው፣ አንቺማ ጠብሰሻት ነበር!" እያለ ተከራከሩ። እኔ አልጠበቅኳቸውም፤ ነጠላዬን ጥዬ ወደ አዳብናው ሮጥኩ። እንደዚያን ቀን ጨፍሬ አላውቅም።

ዛሬ ጉንጬ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል፤ አፌ ዳር ትንሽ ነጭ ቀርታለች፣ ረስቻት እውላለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ሙሉ ፊቴን ሳይ ምንም አይመስለኝም። ያን ጊዜ ግን ጤፍ በምታህል ጥቁረት ዓለም ሁሉ የእኔ ሆኖ ነበር።